የተጠማዘዘ አንጀት ተፈትቶ ደም ከተመለሰ በኋላ ግፊት ለምን ይወድቃል? አድሬናሊንስ ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ምን ያደርጋቸዋል?

ሰመመን ዘማርቆስ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን። ሲግሞይድ ቮልቩለስ (የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል መጠማዘዝ) በእኛ በኩል እንግዳ በሽታ አይደለም። ከቢቸናም ከሞጣም ከአባይ ቆላም ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ የሚመጣ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ አለ። የምጠይቀው ግን ስለ ቀዶ ሕክምናው አይደለም። ደም ተቋርጦ ሲመለስ ሆርሞኖች በጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ላይ የሚሠሩትን ሥራ በደንብ የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳኝ ነው።

60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ እንበል። ጥምዝሙ ሲፈታ የሜሴንተሪው (አንጀቱን የያዘውና የደም ሥሮቹ የሚያልፉበት ሽፋን) ትርታ በጣት ይዳሰሳል፤ የአንጀቱ ቀለምም ከጠቆረ ሐምራዊ ወደ ቀይ ይመለሳል። ሁሉም እፎይ ሲል 5 ደቂቃ ሳይሞላ የላይኛው ግፊት ከ110 ወደ 70 ይወርዳል። ኖርአድሬናሊን በሌለበት አድሬናሊን በድሪፕ ይጀመራል፤ ግፊቱም ይነሣል። ከዚያ አንጀቱ እንደገና ይገረጣል፣ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፣ የሽንት ከረጢቱ ባዶ ይሆናል። ሞኒተሩ ደህና ነው ይላል፣ አንጀቱ ግን ደህና አይደለም።

ደሙ ከተመለሰ በኋላ የሚብሰው ለምንድን ነው? ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸው አድሬናሊን፣ አንጂዮቴንሲንና ቫሶፕሬሲን በዚያ ሰዓት ይረዳሉ ወይስ ይጎዳሉ? ድሪፑ በስንት መጠን ነው ግፊት እያነሣ አንጀት የማያስርበው? ሴቶችን ኢስትሮጅን ይጠብቃቸዋል የሚባለውስ እውነት ከሆነ ለሥራ የሚጠቅም ነገር አለው?

—

የፊዚዮሎጂ መምህር፣ ባሕር ዳር

መርዓዊ አካባቢ የቆጋን መስኖ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ዋናው ቦይ ጢም ብሎ እየፈሰሰ የአንዱ ማሳ ሊደርቅ ይችላል። ውኃው ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው በየማሳው አፍ ያለው መዝጊያ ነው፤ መዝጊያውን ክፈት፣ ዝጋ የሚለው ደግሞ የውኃ አባት ነው። በሰውነት ውስጥ መዝጊያው አርቴሪዮል ነው፤ ስፋቱ ከ100 ማይክሮሜትር በታች የሆነ፣ ጡንቻ የለበሰ ትንሽ ቱቦ። የውኃ አባቶቹ ሆርሞኖች ናቸው። እኛ ክንድ ላይ ጠምጥመን የምንለካው ግፊት የዋናውን ቦይ ነው።

የዚህን መዝጊያ ኃይል በቁጥር እንየው። በቱቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ከሬዲየሱ አራተኛ ደረጃ ጋር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ግፊቱ ሳይለወጥ አርቴሪዮሉ በ10 በመቶ ብቻ ቢጠብ ፍሰቱ ወደ 66 በመቶ ይወርዳል። በግማሽ ቢጠብ ከ16 እጅ አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ለዓይን የማይታይ መጥበብ አንጀትን የሚያገረጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሆርሞኖቹ። ሕመም፣ የውኃ ማነስና ፍርሃት ሲደራረቡ የአድሬናል እጢ እምብርት ሆርሞኑን ይለቅቃል፤ ከሚለቅቀው 80 በመቶ ያህሉ አድሬናሊን ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ኖርአድሬናሊን። አድሬናሊን ሁለት ፊት አለው። ቤታ 2 የተባለው ሪሴፕተር (ሆርሞኑን የሚቀበለው የሴል በር) በሚበዛበት በእግርና በእጅ ጡንቻ የደም ሥሩን ያላላል። አልፋ 1 በሚገዛበት በቆዳ፣ በኩላሊትና በአንጀት ደግሞ በጡንቻው ሴል ውስጥ ካልሲየም እንዲጨምር አድርጎ ያጠብቃል። መጠኑ ዝቅ ሲል የቤታው ሥራ ይጎላል፣ ከፍ ሲል አልፋው ያሸንፋል። ኩላሊት የለቀቀው ሬኒን በበኩሉ አንጂዮቴንሲን 2 እንዲመረት ያደርጋል፤ የአንጀት ደም ሥሮች ለእርሱ እጅግ ስሱ ናቸው። ከአንጎል ሥር ካለችው የፒቱታሪ እጢ ኋለኛ ክፍል የሚመጣው ቫሶፕሬሲንም በቪ1ኤ ሪሴፕተር በኩል ያንኑ ያደርጋል። ሦስቱም የሚፈርዱት በአንድ ወገን ነው፦ ልብና አንጎል ይጠጡ፣ አንጀት ይጠማ። ደም ለፈሰሰው ሰው ይህ ፍርድ ሕይወት ያተርፋል። አንጀቱ ቀድሞውኑ በጥምዝም ለታነቀበት ሰው ግን በቁስል ላይ ሌላ ቁስል ነው።

ደሙ ሲመለስ ለምን ይብሳል ላሉት፦ ደም በተቋረጠበት ሰዓት የሴሉ ነዳጅ የሆነው ኤቲፒ እየተሰበረ እስከ ሃይፖዛንቲን ድረስ ይወርድና ይከማቻል። አንጀት ደግሞ ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በብዛት ያለበት አካል ነው። ኦክስጅን ድንገት ሲመለስ ኢንዛይሙ ሃይፖዛንቲኑን እያቃጠለ ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ያመርታል። ግሬንጀር፣ ማኮርድና ባልደረቦቻቸው በ1981 ይህን ያሳዩት በድመት አንጀት ላይ ነበር። ሱፐርኦክሳይድ ያገኘውን የሚበላ ነገር ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ግን ናይትሪክ ኦክሳይድን ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የጥያቄው እምብርት ይህ ነው። የደም ሥሩን ከውስጥ የሸፈነው ኢንዶቴሊየም ናይትሪክ ኦክሳይድ እየለቀቀ አርቴሪዮሉን ክፍት ያደርጋል፣ ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌትም እንዳይጣበቁበት ይከላከላል። ከኢንዶቴሊየም እንዲህ ያለ የሚያላላ መልእክት እንደሚወጣ ፈርችጎት በ1980 አሳይቶ ነበር፤ ከኢግናሮና ከሙራድ ጋር በ1998 ኖቤል ተሸልመውበታል። በጤናማ የደም ሥር አድሬናሊን ሲያጠብቅ ናይትሪክ ኦክሳይድ ከወዲያ ይስበዋል። ደም ተቋርጦ በተመለሰበት የደም ሥር ግን የሚስበው ወገን የለም። ያው የአድሬናሊን መጠን ጎረቤት ያለውን ጤናማ አንጀት በመጠኑ ሲያጠብ፣ የተፈታውን ክፍል ጨርሶ ሊዘጋው ይችላል። የተጎዳው ኢንዶቴሊየም ራሱ ኢንዶቴሊን 1 መልቀቁ ደግሞ ይጨመርበታል፤ እርሱ በ1988 ጃፓን ውስጥ የተገኘ፣ ከምናውቃቸው አጥባቂዎች ሁሉ ብርቱ ከሚባሉት አንዱ ነው።

በመመለሻው በኩል፣ ከካፒላሪው (ከሁሉ ቀጭኑ የደም ሥር) ቀጥሎ ባሉት ቬኑሎች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ፒ ሴሌክቲን የተባለው መያዣ ወደ ገጽ ይወጣል። ነጭ ሴሎች መጀመሪያ ይንከባለላሉ፣ ከዚያ ይጣበቃሉ። ግድግዳው ያፈስሳል፣ ሕብረ ሕዋሱ ያብጣል፣ እብጠቱም ካፒላሪውን ከውጭ ይጨምቃል። ካፒላሪ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው፤ ቀይ ሴል ከ7 እስከ 8። ትንሽ ጭመቃ ይበቃዋል። ትልቁ ቱቦ ተከፍቶ ትንንሾቹ ሳይከፈቱ መቅረታቸውን «ኖ ሪፍሎው» ይሉታል። በ1974 በውሻ ልብ ላይ በተሠራው ሥራ 40 ደቂቃ ታስሮ የተፈታው ደሙ ተመልሶለታል፤ 90 ደቂቃ ታስሮ የተፈታው ግን ዋናው ቱቦ ቢከፈትም የልቡ ግድግዳ ውስጠኛ ክፍል በደንብ ደም አላገኘም። ጊዜ ማለት ይህን ያህል ነው።

የአጠቃላይ ግፊቱ መውደቅ ከዚህ ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ አይጋጭም። በታነቀው አንጀት ውስጥ የተጠራቀመው አሲድ፣ ፖታሲየም፣ አዴኖሲንና የባክቴሪያ መርዝ በአንድ ጊዜ ወደ ዋናው ዝውውር ይለቀቃል። ፖታሲየሙ ልብን ያደክማል። አሲዱ የአልፋ ሪሴፕተሮችን ምላሽ ያዳክማል፤ ኤቲፒ ያነሰበት የደም ሥር ጡንቻም የኬኤቲፒ ቻናሎቹን (ፖታሲየም የሚያልፍባቸውን የሴል በሮች) ከፍቶ ይላላል። በዚያ ላይ ብዙ ደም ወደ ተፈታው ክፍል ይገባል፣ ፈሳሽም በሚያፈስሰው ግድግዳ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ጡንቻና ቆዳ ላልተው፣ አንጀት ጠብቦ ይገኛል።

—

ቀዶ ሐኪም፣ ፍኖተ ሰላም

መምህሩ የተናገሩትን ወደ ጠረጴዛው ላምጣው። ሜሴንተሪው ላይ ትርታ ማግኘት አንጀቱ ድኗል ማለት አይደለም። ትርታው የቦይ ነው። ከሁሉ በፊት የሚሞተው ሙኮሳው፣ ማለት የውስጡ ሽፋን ነው፤ ትንሹ አንጀት አብሮ ከታነቀ ደግሞ የቪላይ (ከሙኮሳው እንደ ጣት የሚወጡ ጥቃቅን ጭራዎች) ጫፍ ይቀድማል፤ በቪላዩ ውስጥ ወጪና ገቢ ሥሮች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ ኦክስጅኑ ጫፍ ሳይደርስ ከመንገድ ይሻገራል። ከውጭ የምናየው ሴሮሳ ቀልቶ ውስጡ ሙኮሳው የተላጠ ሊሆን ይችላል።

ሆድ ሲከፈት አንጀቱ ጠቁሮ፣ ጠረኑ ተለውጦ፣ ወዙ ጠፍቶ ከተገኘ አትፍቱት። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ጥምዝሙን እንደያዘ መጀመሪያ የሜሴንተሪው ሥሮች ይያዙና ይታሰሩ፣ ከዚያ ይቆረጥ። የሞተ አንጀት ፈትቶ ማየት ፖታሲየሙንና መርዙን በገዛ እጅ ወደ ልብ መላክ ነው። ጠያቂው የገለጹት ከ110 ወደ 70 መውደቅ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሊድን ይችላል ተብሎ የሚፈታ ከሆነ «ልፈታ ነው» ብሎ ለሰመመን ባለሙያው ቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። እርሱ ፈሳሹን ቀድሞ ይሞላል፣ ኦክስጅኑን 100 በመቶ ያደርጋል፣ ካልሲየም ግሉኮኔት በሲሪንጅ ቀድቶ ያስቀምጣል። ከተፈታ በኋላ በሞቀ ሳላይን የተነከረ ጨርቅ ይሸፈንና ሰዓት እየታየ 10 ደቂቃ ይጠበቅ፤ በግምት አይደለም። ከዚያ ተገልጦ ቀለሙ፣ በጣት ሲነካ መንቀሳቀሱ፣ ከአንጀቱ ጠርዝ ሥር ባሉት ቀጫጭን ሥሮች ላይ ያለው ትርታ ይታያል። የሚቆረጥ ከሆነ የተቆረጠው ጫፍ ደማቅ ቀይ ደም ሊያፈስ ይገባል፤ ጥቁር ደም ብቻ ከመጣ ወደ ኋላ ጨምሩና ቁረጡ።

አንድ ወጥመድ አለ። ከፍ ባለ አድሬናሊን ላይ ያለ ሰው አንጀት መገርጣቱ የሞት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ የሆርሞኑ ሥራ ሊሆን ይችላል። ያን አይቶ ረጅም አንጀት ቆርጦ መጣል ስሕተት ነው። ፈሳሽ ሞልቶ፣ ድሪፑን በሚቻለው ልክ ቀንሶ፣ እንደገና 10 ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል። አሁንም ከተጠራጠራችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ተመልሶ መክፈት ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ አናስቶሞሲስ አትስፉ፤ ማለት የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች አታገናኙ። የጠበበ አርቴሪዮል ስፌት አያድንም፤ በ5ኛው ቀን ይፈታል። ሃርትማን አድርጎ (የታችኛውን ጫፍ ዘግቶ) ኮሎስቶሚ ማውጣት፣ ማለት የላይኛውን ጫፍ በሆድ ቆዳ ላይ መክፈት፣ ለቤተሰቡ ማስረዳት ቢከብድም ሰውየውን ያተርፋል።

—

ሲስተር፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል

ስለ ድሪፑ እኔ ልመልስ።

የእኛ አምፑል 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊግራም አድሬናሊን ይይዛል። 2 አምፑል በ500 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ሲጨመር በ1 ሚሊ ሊትር 4 ማይክሮግራም ይሆናል። ለ60 ኪሎ ሰው በኪሎ በደቂቃ 0.05 ማይክሮግራም ማለት በደቂቃ 3 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም በሰዓት 45 ሚሊ ሊትር። በማይክሮ ድሪፕ (60 ጠብታ በሚሊ ሊትር) 45 ጠብታ በደቂቃ፣ 20 ጠብታ በሚሊ ሊትር በሆነው ተራ የድሪፕ መስመር ደግሞ 15 ጠብታ በደቂቃ ነው። 0.1 ሲደርስ በተራው መስመር 30 ጠብታ። 0.3 ከደረሰ በሰዓት 270 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይገባበታልና 4 አምፑል በ500 አድርጋችሁ ጠብታውን በግማሽ ቀንሱ፤ ከረጢቱ ላይም በትልቁ ጻፉበት። ተረኛ ሲቀየር የድሮውን ጠብታ በአዲሱ ከረጢት ላይ ማስቀጠል መጠኑን በእጥፍ ያደርገዋል።

የምንፈልገው አማካይ ግፊት 65 ነው። 65 ከደረሰ በኋላ «ትንሽ ከፍ ቢል ይሻላል» ብሎ ወደ 85 መግፋት በዚህ ታማሚ ላይ አንጀት መዝጋት ነው። በየ10 ደቂቃው ለክታችሁ ወደ ታች መቀነስን ልመዱ። ፈሳሽ ሳይሞላ ድሪፕ መጨመርም እንዲሁ ነው። እግሩን 45 ዲግሪ አንሥታችሁ በ1 ደቂቃ ውስጥ ትርታው ሞልቶ ግፊቱ ከተሻሻለ ሰውየው ፈሳሽ ይፈልጋል፤ አድሬናሊን አይደለም።

ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የጠቋሚ ጣቱን ጫፍ በመስታወት ስላይድ ነጭ እስኪሆን ጫኑ፣ 10 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፤ ቀለሙ በ3 ሰከንድ ውስጥ መመለስ አለበት። በየ30 ደቂቃው ድገሙት። በ2019 የወጣው አንድሮሜዳ የተባለው ጥናት በሾክ ሕክምና ላይ ላክቴትን (ሕብረ ሕዋስ ኦክስጅን ሲያጥረው በደም ውስጥ የሚጨምረውን ነገር) ከመከተል ጋር ያነጻጸረው ይህንኑ ነው፤ ከላክቴቱ የከፋ ሆኖ አልተገኘም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ክፍሉን በሚያቀዘቅዝበት በክረምት ሌሊት የጤናማ ሰውም ጣት ይዘገያል። እጁን በብርድ ልብስ ውስጥ አሙቃችሁ ለኩ፣ ወይም ደረት ላይ አድርጉት። የጉልበት ቆዳ መዥጎርጎርም ጥሩ ምልክት ነው።

ካኑላው የት እንዳለ ተመልከቱ። በእጅ ጀርባና በእግር አታስገቡ፤ የክንድ ትልቅ ቬይን ፈልጉ፣ በየሰዓቱ እዩት። አድሬናሊን ከሥር ወጥቶ ሥጋ ውስጥ ከገባ እዚያው ቦታ ላይ ደም ያቋርጣል፤ ቆዳው ነጭ ይሆናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ይሞታል። ድሪፑን አቁሙ፣ ካኑላውን ሳትነቅሉ የቻላችሁትን ወደ ኋላ ሳቡ። ፌንቶላሚን ካለ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን በጥብጣችሁ በቀጭን መርፌ በነጣው ቦታ ዙሪያ ከቆዳ ሥር ውጉ። አልፋ ሪሴፕተሩን ስለሚዘጋ ቀለሙ ዓይናችሁ እያየ ይመለሳል። በረዶ አታድርጉበት፤ በረዶ ደግሞ ያጠብበዋል።

—

ሰመመን ዘማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሲስተር፣ ላክቴት የምንለካበት ቦታ ብንሆንስ? አድሬናሊን ከተጀመረ በኋላ ላክቴቱ ከ3 ወደ 6 ሲወጣ አንጀቱ እየሞተ ነው ብሎ ተመልሶ መክፈት ይገባል ወይ? ሌላው፣ ድሪፑ እየጨመረ ግፊቱ እንቢ ሲል ሃይድሮኮርቲሶን ስጡ የሚባለው በምን መንገድ ነው የሚሠራው?

—

የፊዚዮሎጂ መምህር፣ ባሕር ዳር

አድሬናሊን በቤታ 2 በኩል የጡንቻ ስኳር እንዲሰበር ስለሚያደርግ፣ ኦክስጅን ሳይጎድልም ላክቴት ይጨምራል። ስለዚህ በአድሬናሊን ላይ ያለ ሰው ላክቴት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ሆዱ እየለሰለሰ፣ ጣቱ እየቀላ፣ ሽንቱ በኪሎ በሰዓት ከ0.5 ሚሊ ሊትር በላይ እየወረደ ላክቴቱ ብቻ ከወጣ ድሪፑን ጠርጥሩ። ላክቴቱ ሲወጣ ሆዱም ከጠነከረ፣ ጣቱም ከቀዘቀዘ አንጀቱን ጠርጥሩ። በኖርአድሬናሊን ላይ ይህ ማደናገር እምብዛም የለም፤ ካለ መጀመሪያ የሚመረጥበትም አንዱ ምክንያት ነው።

ኮርቲሶል (ሃይድሮኮርቲሶን ማለት እርሱው ነው) ራሱ የደም ሥር አያጠብም። ሥራው ሌሎቹ እንዲሰሙ ማድረግ ነው፦ በደም ሥር ጡንቻ ላይ የአልፋ ሪሴፕተሮችን ቁጥር ይጠብቃል፤ ከሰዓታት በኋላ በመርዙ የሚነሣውንና ናይትሪክ ኦክሳይድ ያለ ልክ የሚያመርተውን ኢንዛይም ያፍናል። እዚህ ላይ አንባቢ ግራ እንዳይገባው፦ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ችግሩ በተፈታው አንጀት ውስጥ የናይትሪክ ኦክሳይድ ማነስ ነው። ከሰዓታት በኋላ ደግሞ በመላው ሰውነት መብዛቱ ችግር ይሆናል። በሴፕቲክ ሾክ ኖርአድሬናሊን በኪሎ በደቂቃ 0.25 ማይክሮግራም ደርሶ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሃይድሮኮርቲሶን 50 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። ስኳሩን ተከታተሉ፤ ይወጣል። ፈሳሽ ላልተሞላለት ሰው ምትክ አይሆንም።

ቫሶፕሬሲን በሚገኝበት ቦታ ደግሞ በደቂቃ 0.03 ዩኒት ላይ ይቁም። በረዘመ ሾክ የፒቱታሪው ክምችት ስለሚያልቅ ያን የጎደለውን መተካት ነው ሐሳቡ። ከዚያ በላይ ሲወጣ የአንጀትንና የጣትን ሥሮች አጥብቆ ይዘጋል፤ አሁን ለምንነጋገርበት አንጀት ደግሞ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው።

—

ፋርማኮሎጂ፣ ዳሞት

ስለ ኢስትሮጅን ማንም አልመለሰምና እኔ ልሞክር።

በአይጥ ላይ ነገሩ እውነት ነው። ደም ተቋርጦ ሲመለስ የሴቷ የደም ሥር ከወንዱ ያነሰ ይጎዳል፤ የእንቁላል እጢዋ ሲወጣ ያ ብልጫ ይጠፋል፤ ኢስትራዲዮል ሲሰጣት ይመለሳል። መንገዱም ይታወቃል። ኢስትራዲዮል ኢንዶቴሊየሙ ላይ ያለውን ኢስትሮጅን ሪሴፕተር አልፋ ሲይዝ በደቂቃዎች ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠራው ኢንዛይም ይነቃል፤ ነጭ ሴሎች በቬኑሉ ግድግዳ ላይ መጣበቃቸውም ይቀንሳል። ማለት መምህሩ የጎደለ ያሉትን ነገር ይሞላል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ ኢስትሮጅን እንስጥ» ማለት ግን አደገኛ ዝላይ ነው፤ የሕክምናው ዓለም አንዴ ዘሎት ተጎድቷል። ለሴቶች ጤና በአሜሪካ የተደረገው ትልቁ ጥናት የኢስትሮጅንና የፕሮጀስቲን ክንፉ በ2002 ከጊዜው በፊት የቆመው የጡት ካንሰር፣ ስትሮክና የደም መርጋት ስለበዛ ነው። በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅን በጉበት አልፎ የሚያረጉ ነገሮችን ያበዛል። አርቴሪዮሉን የሚከፍት ሆርሞን ቬይኑን በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል።

ለሥራ የሚጠቅመው እንግዲህ በተቃራኒው በኩል ነው። ወጣት ሴት ከምርመራው የሚበልጥ የሆድ ሕመም ይዛ ስትመጣ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ትወስድ እንደሆነ ጠይቁ፤ የሜሴንተሪ ቬይን መርጋት አንዱ ምክንያት ይሆናል። ስትጠይቁ ዓይነቱን ለዩ፦ የሦስት ወሩ መርፌ ኢስትሮጅን የለውም፤ በየቀኑ የሚዋጠው ቅልቅል ክኒን ግን አለው። ሴት በመሆኗ አንጀቷ ይችላል ብሎ 1 ሰዓት ማዘግየት ደግሞ በፍጹም አይገባም።

—

አዋላጅ፣ ዳንግላ

ከርእሱ ብዙም አልወጣሁም ብዬ ነው። የሆርሞን ፋብሪካው ራሱ ደም ሲቋረጥበትስ? በእርግዝና ጊዜ ፒቱታሪ ያብጣል፤ የፊተኛው ክፍሉ ደም የሚያገኘው ግፊታቸው ዝቅተኛ ከሆኑ የፖርታል ሥሮች ነው። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ፈስሶ ግፊት ሲወድቅ ይሞታል። ሺሃን በ1937 የገለጸው ይህን ነው። እናቲቱ ጡቷ ወተት አይሰጥም፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ ትደክማለች። ከዓመታት በኋላ በተራ ኢንፌክሽን ሾክ ውስጥ ገብታ ትመጣለች፤ ፈሳሽም አድሬናሊንም አይሰማትም፤ ኮርቲሶል የላትምና። የወሊድ ታሪኳን መጠየቅ 1 ደቂቃ አይፈጅም። ከጠረጠራችሁ ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊግራም በቬይን ወዲያው፣ ስኳሯንም ለኩ። ታይሮክሲን አታስቀድሙ፤ ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶል ያስጨርሳታል።

ስለ ደም መፍሰስ ካነሣን፣ ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጡንቻ ነው። በቬይን በአንድ ግፊት ሲሰጥ የደም ሥሩን አላልቶ ግፊት ይጥላል። ኤርጎሜትሪን 0.2 ሚሊግራም በጡንቻ ደግሞ ማሕፀንን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም የደም ሥር ያጠብቃል፤ ግፊት ሳይለካ አይሰጥም።

—

ቀዶ ሐኪም፣ ፍኖተ ሰላም

ሲስተር አዋላጅ መልካም አነሡ። ከእርስዎ ቀጥዬ እኔም አንድ ልጨምር፤ የወጌሻ እስር። የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ጥርቅም ተደርጎ ታስሮ ከ2 ቀን በኋላ የሚመጣው ልጅ ከዚሁ ጉዳይ ነው። የእጅ አንጓው ትርታ አለ ተብሎ ይመለሳል፤ ስሕተት ነው። የካፒላሪ ግፊት ከትልቁ ሥር በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ በጡንቻው ከረጢት ውስጥ ያለው ጭመቃ ካፒላሪውን ሲዘጋ ትልቁ ሥር ይመታል። ከታችኛው የደም ግፊት ላይ የከረጢቱ ግፊት ተቀንሶ የሚቀረው ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ ፋሺዮቶሚ (ከረጢቱን ቀድዶ መክፈት) ነው። መለኪያ ከሌለ ጣቱን ወደ ኋላ ሲዘረጉለት የሚጮህ ልጅ ይበቃል። ደም የፈሰሰውና የሚያመው ልጅ አድሬናሊኑ ከፍ ያለ፣ የታችኛው ግፊቱም የወረደ ነውና ከጤናማው ቀድሞ ይዘጋበታል።

እስሩን እስከ ቆዳው ድረስ ሙሉ በሙሉ ቁረጡ፣ ማላላት አይበቃም። እጁን ከልብ ከፍታ በላይ አትስቀሉት፤ የቀረችውን ግፊት ይቀንሳል። 6 ሰዓት ካለፈው ከመፍታት በፊት ሳላይን ይጀመር፤ ሪንገር ፖታሲየም ስላለው አይሁን። ኢሲጂ ላይ ቲ ሞገድ እንደ ጦር ከሾለ፦ ለአዋቂ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 በመቶ 10 ሚሊ ሊትር በ5 ደቂቃ፣ ከዚያ ኢንሱሊን 10 ዩኒት ከ40 በመቶ ግሉኮስ 60 ሚሊ ሊትር ጋር፤ ይህ 24 ግራም ስኳር ነው። ለልጅ ሁሉም በኪሎ ይሰላል። ለ6 ሰዓት ስኳሩን በየሰዓቱ ለኩ። ካልሲየምና ባይካርቦኔት በአንድ መስመር አይገናኙ፤ ይረጋሉ።

—

ሰመመን ዘማርቆስ

አንድ የመጨረሻ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል የሚወስዱ አረጋውያን ጥምዝሙ ሲፈታ ግፊታቸው ከሌላው ይልቅ ይወድቃል፣ ለአድሬናሊንም በደንብ አይመልሱም። አንጂዮቴንሲኑ ስለተዘጋ ነው?

—

የፊዚዮሎጂ መምህር፣ ባሕር ዳር

አዎ። ሰመመን የደም ሥርን የሚያጠብቀውን የሲምፓቴቲክ ነርቭ ሲያደክም ግፊትን የሚይዘው አንጂዮቴንሲንና ቫሶፕሬሲን ነው። ኢናላፕሪል አንዱን ምሰሶ ነቅሎታል። በቀጠሮ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ከሆነ ከ24 ሰዓት በፊት ይቁም። በድንገተኛው ግን ማቆም አይቻልምና ዝግጅቱ ይለወጥ፦ ፈሳሹ ከመፍታት በፊት ይሙላ፣ ድሪፑ ተበጥብጦ መስመሩ ላይ ይሰቀል፣ የሰመመኑ መድኃኒት በትንሽ በትንሹ ይሰጥ። ቫሶፕሬሲን ካለ ለእንዲህ ያለው ሰው ቦታው እዚህ ነው፤ ያ በ0.03 ላይ የተባለው ወሰን ግን እንዳለ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ሽንቱ በደንብ ሳይወርድና ክሬቲኒኑ (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ሳይታይ ኢናላፕሪሉን አትመልሱበት። ኩላሊቱ ውስጥ ከማጣሪያው የሚወጣውን አርቴሪዮል አጥብቆ የማጣሪያውን ግፊት የሚይዘው አንጂዮቴንሲን ነው፤ ግፊቱ በወደቀበት ሰው ላይ ያን ከከፈቱት ማጣሪያው ይቆማል።